ድንጋይ ይዛ ክፍል የገባች ልጅ

የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ እሳት ወለድ አለቶች ያስተማረን አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ነበርን። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ብቻ ስለነበር ከምሳ በኋላ ውስጡ አይቻልም፤ አንድ ዴስክ ላይ ለአራት ተጨናንቀን፣ ክንዳችን እየተጣበቀ ኖት እንጽፋለን። መምህሩ መጽሐፍ ይዞ ገብቶ አያውቅም። ሁሉንም በቃሉ ነው የሚለው፤ እኛም ከአፉ የወጣውን ሳናስቀር እንገለብጣለን። በዚህ በጣም ይኮራ ነበር። «እኔ መጽሐፍ አላይም፤ መጽሐፉ እዚህ ነው» እያለ ግንባሩን በጣቱ ይመታል።

ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ተራራ ሳለ። ከሥሩ ቅልጥ አለት፣ ከአናቱ ደግሞ የሚፈስ እሳት። ከዚያ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራግፎ በእንግሊዝኛም በአማርኛም እየደጋገመ አስጻፈን። ወደ ላይ ወጥቶ በፍጥነት የቀዘቀዘ አለት ክሪስታሉ ትልልቅ ይሆናል፤ መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ግን ክሪስታሉ ደቃቅ ይሆናል።

«ለምን?» ብሎ ራሱ ጠየቀ፤ ራሱ መለሰ። «ላይ ሲወጣ ነፃ ነዋ! ቦታ ያገኛል፣ ያድጋል። ታች ያለው ግን ታፍኗል። ጻፉ!»

እጄን አወጣሁ። ላሳፍረው ብዬ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ስለምታጠና ከእሷ የሰማሁት ተቃራኒውን ነበርና ግራ ገብቶኝ ነው።

«ቲቸር፣ የተገላቢጦሽ አይደለም እንዴ? ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ነው ትልቅ የሚሆነው ብላኛለች እህቴ።»

ጠመኔውን አስቀመጠ። «እህትሽ?»

«አዎ፣ ጂኦሎጂ ነው የምትማረው።»

«እህትሽ እዚህ ነው የምታስተምረው?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ እስኪያልቅለት ጠበቀና «ተቀመጪ። እህትሽ ስትቀጠር ታስተምርሻለች» አለኝ። ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር፤ እጄ ግን መጻፉን አላቆመም። ስህተት ነው ያልኩትን ነገር በራሴ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ መስመር አስምሬበት ጻፍኩ።

ቤታችን ገርጂ ነበር። ያኔ ገርጂ ዛሬ የሚታወቀው ገርጂ አይደለም። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ሲሉ ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ባሻገር የእርሻ ማሳ ይታያል። ክረምት ላይ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወጥተን አስፋልት ስንደርስ ነበር የምናጠልቀው። እናትና አባቴ ከወሎ የመጡ ናቸው። አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ስለነበር ቤት ከሚያድርበት የማያድርበት ቀን ይበልጣል። እናቴ አጥራችን ላይ በር አስከፍታ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማና ነጭ ጋዝ የምትሸጥባት ሱቅ ነበረቻት። እህቴ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጂኦሎጂ ሲደርሳት ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይዞ ነበር። «ሴት ልጅ እንዴት ተብሎ ድንጋይ ትማራለች?» ሲሏት እናቴ ሚዛኗን እያስተካከለች «ድንጋይ ከሰው ይሻላል፤ ቢያንስ አይዋሽም» ትላቸው ነበር።

እህቴ የምታድረው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ለማጠብ ትመጣለች። የዚያን ቅዳሜም እንደገባች ነገርኳት።

«ተሳስተሽ ሰምተሽ ይሆናላ» አለችኝ፤ ሳሙና እጇ ላይ እንዳለ።

ደብተሬን አመጣሁላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር፤ ከዚያ ፈገግታው ከፊቷ ጠፋ።

«ይሄንን የጻፋችሁት እናንተ ክፍል ብቻ ናችሁ?»

«ሁሉም ሴክሽን ነው። እሱ ነው የሚያስተምረው።»

«አምና የተማሩትስ?»

«እነሱንም እሱ ነው ያስተማራቸው።»

ልብሷን ዘፍዝፋ ተወችው። ሰዎች ለቆዳ በሽታ ስለሚገዙት እናቴ ሱቅ ውስጥ ድኝ አይጠፋም ነበር። እህቴ ከእሱ አንድ እፍኝ ያህል ወስዳ፣ ባዶ የወተት ጣሳ ፈልጋ፣ ግቢው መሃል ከሰል አያያዘች። ድኙ ቀስ እያለ ቀለጠና እንደ ማር ሆነ። እንዳይቀጣጠል በጣም እየተጠነቀቀች ብታወርደውም ሽታው ሰፈሩን አዳረሰው። እናቴ ከሱቋ አንገቷን አውጥታ «ምን ነካችሁ? ጎረቤቱን ልትጨርሱት ነው?» ብላ ጮኸች።

እህቴ ግማሹን ባልዲ ውስጥ ወዳለው ቀዝቃዛ ውሃ ደፋችው፤ ጭስስ ብሎ ወዲያው ደረቀ። ግማሹን ከነጣሳው ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበረችውና ልብስ ማጠቧን ቀጠለች። እኔ አመዱ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ላዩ ጠጥሮ ቆዳ ሲያወጣ በምስማር በሳችው፤ ገና ያልረጋውን አፍስሳ ጣሳውን በቢላዋ ከፈተችው።

ያየሁትን እስከዛሬ አልረሳውም። የጣሳው ግድግዳ ላይ መርፌ የሚመስሉ ቢጫ ዘንጎች በየአቅጣጫው በቅለው ነበር፤ አንዳንዱ ከጥፍሬ ይረዝማል፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው ያበራሉ። ከባልዲው ያወጣነው ግን ድፍን ያለ ነው፤ ስሰብረው እንኳ ፍሬው በዓይን አይለይም።

«ድኝ አለት አይደለም» አለችኝ፤ «ነገሩ ግን ያው ነው። ሲቀልጥ ሁሉም ቅንጣት ወዲያ ወዲህ ይላል። ሲቀዘቅዝ አንዱ አንዱን እየፈለገ ይያያዛል። ጊዜ ካገኘ አንዱ ላይ ሌላው እየተደረበ ያድጋል። ድንገት ከቀዘቀዘ ግን ሁሉም ባለበት ደርቆ ይቀራል፤ ፍሬው ብዙ፣ መጠኑ ደቃቅ ይሆናል። ከዚያም ከፈጠነ ጭራሽ ፍሬ የሚባል ነገር አይኖረውም፣ እንደ ጠርሙስ ይሆናል። ነፃነት ምናምን የሚለውን ከየት እንዳመጣው እንጃለት። ጉዳዩ የጊዜ ጉዳይ ነው።»

ከዚያ አልጋዋ ሥር ካለው ካርቶን ሦስት ድንጋዮች አውጥታ ሰጠችኝ። አንዱ ቦሌ መንገድ ላይ ከሚሠራ ሕንፃ ደጃፍ ያነሳችው የግራናይት ስባሪ ነው፤ ሮዝ፣ ነጭና ጥቁር ፍሬዎቹ ከሩቅ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው የሰፈራችን ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሰዉ ሁሉ አጥር የሚያጥርበት፣ ፍሬው በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታይ። ሦስተኛው ከሞጆ ወዲያ ለትምህርት ወጥተው ያመጣችው ባልጩት ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ ምንም ፍሬ የሌለው።

«ሰኞ ውሰጂና አሳዪው» አለችኝ። «በትሕትና ነው ታዲያ። ክፍል ውስጥ አትከራከሪው፤ ጠይቂው። ሰው ነው፣ ይሳሳታል፤ ሲያየው ይገባዋል።»

ይገባዋል ብላ ከልቧ አምና ነበር። እኔም አምኜ ነበር።

ሰኞ ዕለት እሱ ገብቶ ጠመኔ ከማንሳቱ በፊት ተነስቼ ወደ ፊት ሄድኩ። ድንጋዮቹን በጨርቅ ከረጢት ነበር የያዝኳቸው። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት?» ብዬ ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። «ይሄ መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ነው አለችኝ፣ ይሄኛው ደግሞ…»

አልጨረስኩም። ድንጋዮቹን አየ። ለአፍታ ግራናይቱ ላይ ዓይኑ ሲቆይ አይቻለሁ፤ ይሄን እስከዛሬ እምላለሁ። ፍሬዎቹን አይቷል። ወዲያው ግን ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሸሸና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ድንጋይ ይዘሽ ነው ክፍሌ የገባሽው?»

«ለትምህርቱ ነው፣ ቲቸር።»

«ባለፈው ስገሥጽሽ ቂም ይዘሽ ድንጋይ ይዘሽብኝ መጣሽ?» ባልጩቱን አነሳና ጠርዙን ለክፍሉ አሳየ። «ይሄ ስለት አይደለም? ማንን ልታርጂበት ነው? ሞኒተር! ዘበኛውን ጥራልኝ!»

ያን ሰሞን በየትምህርት ቤቱ ረብሻ እየተነሳ መስኮት በድንጋይ የሚሰበርበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ «ድንጋይ» የሚለው ቃል ብቻውን ይበቃ ነበር። ዘበኛው መጣ፤ ከረጢቱን ወሰደ፤ እኔንም ወሰደ። በየመስኮቱ አንገት ይወጣ ነበር። ዳይሬክተሩ ቢሮ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር፤ መምህር ልትፈነክት የነበረች ልጅ ተይዛለች ተብሏል። «ወላጅ አምጪ» አለኝ ዳይሬክተሩ፤ አንድ ጥያቄ እንኳን ሳይጠይቀኝ።

በማግስቱ እናቴ ሱቋን ዘግታ መጣች። ነጭ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ የአባቴን ኮት ከላይ ደርባ ነበር። ሦስቱ ድንጋዮች የዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ እንደ ማስረጃ ተቀምጠዋል። መምህሩ ቆሟል። ዳይሬክተሩ ክሱን ነገራት፤ ልጅሽ በዚህ ቀን ድንጋይና ስለት ይዛ ክፍል ገብታ መምህሯን አስፈራርታለች አላት። «አንቺ» እያለ ነበር የሚያናግራት። እናቴ በእሱ ዕድሜ ታናሽ ወንድም አላት። «እርስዎ» እያለች መለሰችለት።

«ወረወረች?» አለች።

«አልወረወረችም። ግን ይዛ ገብታለች።»

«እወረውራለሁ አለች?»

መምህሩ ጣልቃ ገባ። «ይዛ መምጣቷ ምን ይላል ታዲያ?»

«እሱን እሷን ጠይቃችኋታል? ለምን ይዘሽ መጣሽ ብላችኋታል?»

እውነትም ማንም አልጠየቀኝም ነበር። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲህ እኔ ልጠይቅሽ። ለምን ይዘሽ መጣሽ?»

እያለቀስኩ ነበር፤ ግን ነገርኳቸው። ስለ ኖቱ፣ ስለ ድኙ፣ ስለ መርፌዎቹ፣ ሦስቱም ድንጋዮች ምን ምን እንደሆኑ። መምህሩ «ይሄው! አላልኳችሁም? እኔን ልታርም ነው የመጣችው» አለ። ዳይሬክተሩ ግን ግራናይቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ከዚያ ጥቁሩን። ሁለቱንም አስቀመጠና መምህሩን «አንተ ወደ ክፍልህ ሂድ፣ ተማሪ ይጠብቅሃል» ብሎ አስወጣው።

በሩ ሲዘጋ ከኋላው ካለው መደርደሪያ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ማውጫውን አየ፤ ገጹን ገለጠ፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ። ጣቱ አንድ ቦታ ሲቆም አየሁ። መጽሐፉን ዘጋና ወደ መደርደሪያው መለሰው። ልቤ በደስታ መምታት ጀምሮ ነበር።

«ለሁለት ሳምንት ታግዳለች» አለ። «ስትመለስ በሰልፍ ላይ፣ ተማሪው ሁሉ ባለበት፣ መምህሯን ይቅርታ ትጠይቃለች።»

እናቴ ከወንበሯ አልተነሳችም። «መጽሐፉ ምን ይላል?»

«እ?»

«አሁን ያነበቡት። ምን ይላል?»

«ይሄ የመጽሐፍ ጉዳይ አይደለም፤ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው።»

ይህን መልስ በሕይወቴ ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ፤ በመሥሪያ ቤትም፣ በቀበሌም፣ በሌላም ቋንቋ። መጀመሪያ የሰማሁት ግን እዚያ ነው። የተሳሳተ ሰው አያናድደኝም። እኔም እሳሳታለሁ። የሚያቃጥለኝ እውነቱን ገልጦ አንብቦ፣ ዘግቶ ወደ መደርደሪያ የሚመልስ ሰው ነው።

እህቴ ነገሩን ስትሰማ የተማሪ መታወቂያዋን ይዛ ራሷ ሄደች። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ስትመለስ ግን ፊቷን አየሁ። ዳይሬክተሩ በር ላይ አቁሞ «ዩኒቨርሲቲ ገባሽ ማለት መምህር ልታርሚ ተላክሽ ማለት አይደለም። ለእህትሽ ሥርዓት ብታስተምሪያት ነበር የሚሻላት» ብሏታል። አልጋዋ ላይ በደረቷ ተደፍታ ቀረች። እንደዚያ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ያለቀሰችው በሀዘን ሳይሆን በንዴት ነበር፤ ትራሱን ትመታው ነበር። «እኔ ነኝ የላክኩሽ» ትላለች፤ «ያየዋል፣ ይገባዋል ብዬ…»

በታገድኩ ሰሞን ፈተና ነበረ። ዴስክ የምንጋራት ጓደኛዬ ከፈተናው በኋላ ቤት መጥታ አጥሩ ጥግ ቆመን አወራን። ጥያቄው ወጥቷል።

«ምን ብለሽ መለስሽ?» አልኳት።

መሬት መሬት አየች። «እሱ ያለውን።»

«ድኙን ነግሬሽ አልነበር?»

«አውቃለሁ እኮ። እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ምን ላድርግ? ከኋላዬ ያለው ልጅ አንቺ ያልሽውን ቢጽፍ ቲቸር ኤክስ አደረገበት። ለዚያውም ክፍል ውስጥ አስነስቶ ‹አንተም ድንጋይ ይዘሃል እንዴ?› ብሎ አሳቀበት።»

በእሷ አልተናደድኩም። ምን አጠፋች? ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ አባቷ ስለ ማርኳ ይገርፋታል። የተናደድኩት ልጅን እውነት እያወቀች ውሸት ጽፋ ማርክ እንድትቀበል በሚያስተምር ቤት ነው። ያ ቤት ትምህርት ቤት ይባላል! እዚያ ክፍል ውስጥ ያን ቀን የተማሩት ስለ አለት አልነበረም።

አባቴ ከአሰብ ሲመለስ እናቴ እራት እያቀረበች ነገረችው። ደክሞት ነበር። «ይቅርታ ብላው ብትገላገሉስ?» አለ። «ምን አላት? አንድ ቃል ነው።»

«ላላደረገችው?»

«ለመምህሩ ክብር ብላ።»

እናቴ ሳህኑን ፊቱ አስቀመጠችው። «ይቺ ልጅ ሰው ፊት ቆማ ድንጋይ ልወረውር ነበር ትበል እንዴ? ነገ ሲያገቧት ይሄው ድንጋይ ወርዋሪዋ ይበሏት? ሌላ ትምህርት ቤት እንፈልጋለን።» አባቴ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ በልቶ እጁን ታጠበና «እሺ፣ ያልሽው ይሁን» አለ። በዚህ ቤት የእናቴን ቃል እሱ አይመልሰውም ነበር።

ኮተቤ መንገድ ላይ ያለ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ካመጣች እንቀበላታለን አሉን። እናቴና እኔ ጠዋት ሄደን ጠየቅን። ዳይሬክተሩ ምንም ሳይከራከር ጻፈልን፤ እንዲያውም ደስ ያለው ይመስል ነበር። ማኅተም አድርጎ ሰጣት። እናቴ ማንበብ የተማረችው ትልቅ ሰው ሆና፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። ኮሪደሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። መጨረሻው ላይ ጠባይ የሚል ቦታ አለ። ከፊቱ «መጥፎ» ብሎ ጽፎበታል።

ተመለሰች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን ቃል ይቀይሩልኝ።»

«የሆነውን ነው የጻፍኩት።»

«የሆነውን ያውቁታል። እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ተቀመጠችም። እየሳቀ «እንደፈለግሽ» አላት። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። መምህራን ለፊርማ ይመጣሉ፤ እናቴን አይተው በሹክሹክታ ይጠይቃሉ። እኔ ከአጠገቧ ቆሜ መሬት ውጪኝ እል ነበር። የምሳ ሰዓት ሲሆን ቢሮውን ቆልፎ ሊወጣ ፈለገ፤ እናቴ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ጠበቀችው። ጸሐፊዋን ውሃ ለምና ለሶላት ውዱእ አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ጥግ ይዛ ሰገደች። ፈረቃ ሲቀየር ተማሪው ሁሉ እናቴ ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁድ ላይ እንዳለች በጎኗ እየተጠነቀቀ አለፈ። አንድም ልጅ አልሳቀም። መምህሩም አለፈ። አላያትም፤ ወይም ያላያት መሰለ።

ከምሳ በኋላ ቢሮው ተመልሰን ስንቀመጥ ጠረጴዛው ላይ ያየሁትን ነገር አልረሳውም። ሌሎቹ ሁለት ድንጋዮች የሉም። ግራናይቱ ግን አለ፤ ዳይሬክተሩ ወረቀት እንዳይበተንበት መጫኛ አድርጎታል። ተወልውሎ ያበራል። ወድዶታል!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች። ዳይሬክተሩ ኮቱን ለበሰ፣ እናቴን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ድምፁ ተቀይሮ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» አላት።

«ይስሙኝ እናቴ። ልጅቷ ያለችው ትክክል ነው። አውቃለሁ። ግን በተማሪ ፊት መምህሩ ተሳስቷል ካልኩ ነገ ማን ይሰማዋል? ትምህርት ቤት የምመራው እኔ ነኝ። ይረዱኝ እንጂ።»

«እሱን ነገ ማን ይሰማዋል ብለው ተጨነቁ» አለች እናቴ። «የኔን ልጅስ? ድንጋይ ይዛ መምህር ልትመታ ነበር ብለው ከላኳት እሷን ነገ ማን ይሰማታል?»

ኮቱን መልሶ አወለቀ። ከዚያ አዲስ ወረቀት አወጣና በእጁ ጻፈ፤ ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥቶ ራሱ አተመ። እናቴ አልተነሳችም። ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ እሱ ሰዓቱን እያየ ጠበቃት። «መልካም» የሚለው ጋ ስትደርስ ጮክ ብላ ደገመችው። ወረቀቱን አጥፋ ኮቷ ኪስ ከተተች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ግራናይቱን ከወረቀቶቹ ላይ አነሳች።

«ይሄ የልጆቼ ነው» አለችው።

ኮተቤ ትምህርቴን ጨረስኩ። መንገዱ ሩቅ ነበር፤ ታክሲ የማይገኝበት ቀን በእግሬ እመጣ ነበር፤ ግን ማንም ድንጋይ ወርዋሪ አላለኝም። እህቴ ተመርቃ ወለጋ በረሃ ውስጥ ሥራ ያዘች፤ ደብዳቤዋ ሁሉ ስለ ትንኝና ስለ አለት ነው። የአሰብ መንገድ ሲዘጋ አባቴም መኪናውን ወደ ጅቡቲ አዞረ።

መምህሩን እንደገና ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ ኮሌጅ ገብቼ ነበር። ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ አንድ ሰው ተቀመጠ። ፀጉሩ ሸብቷል። ገና ሲቀመጥ አወቅኩት። እሱም ትንሽ አየኝ አየኝና ፊቱ ፈካ።

«አንቺ! ያቺ ድንጋይ ይዛ ልትፈነክተኝ የነበረችው አይደለሽም?» አለና ከልቡ ሳቀ። ከፊት የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው አዩኝ። ረዳቱም ፈገግ አለ።

«ልመታዎት አልነበረም» አልኩት። «ላሳይዎት ነበር።»

«እሺ እሺ፣ ልጅነት ነው። ያለፈ ነገር ነው።» ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ፤ ይቅር ያለኝ መሆኑ ነው!

«አሁን ምን ብለው ነው የሚያስተምሩት?»

«ምኑን?»

«ስለ ክሪስታሉ። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ነው ትልቅ የሚሆነው ወይስ በፍጥነት የቀዘቀዘው?»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። ያስመሰለ አይመስለኝም፤ እውነትም ረስቶታል። ምን እንዳስተማረን፣ ምን እንዳልኩት፣ ምን እንዳሳየሁት፣ አንዱንም አያስታውስም። የሚያስታውሰው ድንጋዩን ብቻ ነው። «አይ፣ እኔ አሁን ጂኦግራፊ አላስተምርም» አለ። «ምክትል ዳይሬክተር ሆኛለሁ። ወራጅ አለ!»

ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ ወረደ። ወርዶም በመስኮቱ እጁን አውለበለበልኝ። ልመልስለት የነበረው ንግግር ሁሉ ያኔ መጣልኝ፤ ስለ ጓደኛዬ፣ ስለ እህቴ ለቅሶ፣ እናቴ ኮሪደር ላይ ስለመስገዷ፣ በየዓመቱ እሱ እጅ ስላለፉት ልጆች። ሚኒባሱ ግን ተንቀሳቅሷል። ከንዴቴ ብዛት መውረጃዬ እንዳለፈ ያወቅኩት ረዳቱ «እህት፣ መጨረሻ ደርሰናል» ሲለኝ ነው። ወረድኩና በጭቃው መሃል ወደኋላ ተመልሼ፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ እየተናገርኩ፣ መንገደኛው እየዞረ እያየኝ ቤቴ ገባሁ።